የአዴ ጫልቱ ሙቅ ውሃ

ወንድሜ ፈቃዱ ከሞተ ወዲህ ግቢዬ ውስጥ ያለው ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ምናልባት በፊትም ያንጠባጥብ ነበር፤ እሱ በመጣ ቁጥር፣ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ ሳይቀመጥ፣ ዞር ብሎ አጥብቆት ስለሚመለስ እኔ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ከአርባው በኋላ ባለቤቱ የመሣሪያ ሳጥኑን "አንተ ጋ ይሁን" ብላ ላከችልኝ። ደፍሬ የከፈትኩት ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ክዳኑ ሲነሣ የቆየ የኑግ ዘይት፣ የብረት ፍቅፋቂና የቀይ ቀለም ሽታ አንድ ላይ ወጣ። ከዚያ ሁለቱን መፍቻዎች ይዤ ወደ ቧንቧው ሄድኩና አንደኛውን ከግድግዳው በሚወጣው ብረት ላይ አስገብቼ፣ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጉልበቴን በግንቡ ደግፌ ያዝኩ። ያዝኩና ቆምኩ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና "አንተ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?" ባትለኝ ኖሮ እስከ መቼ እንደምቆም አላውቅም። ሌላኛው መፍቻ መሬት ላይ ተጋድሟል። ለካ እሱ እስኪያነሣው ነበር የምጠብቀው።

የብረት ቧንቧ ሲገጠም ሁለት መፍቻ ይፈልጋል። አንዱ ቧንቧው አብሮ እንዳይዞር ገትሮ ይይዛል፣ ሌላው መጋጠሚያውን ያዞራል። ሥራውን ስንማር እኔ ያዥ፣ እሱ አዟሪ ሆነን ጀመርን፤ እንደዚያው ሆነን ቀረን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቢሮ ሰው ከሆንኩ በኋላም ከባድ ሥራ ሲገጥመው በእሑድ ቀን ይመጣና ከደጅ ሆኖ "ግርሜ፣ ና ያዝልኝ" ይለኛል። ሌላ ያዥ አጥቶ አልነበረም። ይህንን ሳስብ ብዕሩ ከእጄ ይቆማል። ግን ልጻፈው።

ጊዜው በጃንሆይ ነው። ያኔ ነቀምቴ ላይ ቧንቧ ማለት የጥቂት ሰዎች ነገር ነበር፤ የቀረው ሰው ከምንጭ ወይም ከቦኖ ይቀዳል፣ ቦኖው በደረቀ ቀን ደግሞ በአህያ የሚመጣውን ይጠብቃል። ቤታችን ዛሬ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በኩል፣ ከዳገቱ ሥር ነበር። አባታችን በፖሊስነት ተቀጥሮ ከሰላሌ የመጣ፣ አማርኛ ከሚነገርበት ቤት የተወለደ ሰው ነው፤ እናታችን እዚሁ አጠገብ የጉቴ አገር ልጅ ናት። እሷን እንደ አገሯ "አዮ"፣ እሱን በአማርኛ "አባባ" እንላቸው ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት ቋንቋ እየተቆጡን ነው ያደግነው። ፈቃዱ የኦሮምኛው ቁጣ ይሻላል ይል ነበር፤ ምክንያቱም በኦሮምኛ የምትቆጣው አዮ ነበረች፣ አዮ ደግሞ ቁጣዋን ሳትጨርስ ሳቋ ያመልጣታል።

አባታችን በኅዳር ወር በሳንባ ሕመም ሞተ። ፈቃዱ ስምንተኛ ክፍል ነበር፣ እኔ ስድስተኛ። ትምህርቱን አቁም ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከደብተሮቹ ውስጥ ያልተጻፈባቸውን ገጾች እየነቀለ፣ አንድ ላይ እያደረገ በመርፌ ሲሰፋ አገኘሁት። ለእኔ የሚሆን አንድ ወፍራም ደብተር ሆነ። "ሽፋኑ አያምርም፣ ግን ውስጡ ንጹሕ ነው" አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት እኔ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሱ ወደ ገበያ፣ የጫነ መኪና ሊያራግፍ ሄደ።

በግንቦት፣ ለአባታችን መንፈቅ፣ የአባታችን ታላቅ ወንድም ጋሼ ተሰማ ከሰላሌ መጣ። ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጋቢውን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቅ ገበሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንን መጻፍ አለብኝ። እርሻ አለው፣ ልጆቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው፣ ጉልበቱ እየደከመ ነው፤ የሟች ወንድሙ ልጅ ደግሞ ገበያ መሐል ጆንያ ሲሸከም አየ። ከመንፈቁ በኋላ አዮን አስቀምጦ ነገራት።

"ልጁ እዚህ የሰው ጆንያ ከሚሸከም አገሩ ገብቶ ይረስ። አሁን መንገዱ ሊበላሽ ነው። ለመስቀል እመለሳለሁ። እስከዚያ ይህንን ቤት የሚያቆም ቋሚ ሥራ ካገኘ መርቄ እሄዳለሁ። ካላገኘ ይዤው ነው የምሄደው።"

አገሩ የተባለውን ሰላሌን ፈቃዱ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አዮ ለእንግዳው የቀረበውን ወጥ ደግማ ጨመረችለት። እኔ ግን ያን ቀን ተቆጥቼ እራት አልበላሁም። ፈቃዱ ድርሻዬን በላና "እዚያ ከሄድኩ በጣም ይጠቅምሃል፣ አልጋው ያንተ ብቻ ይሆናል" ብሎ ቀለደብኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። በአንድ አልጋ ነበር የምንተኛው። አንቀላፍቶ እንዳልሆነ ከጀርባው አውቄዋለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ በሕክምና ጣቢያው ሥራ ተጀመረ ተባለ። ጣቢያው ከከተማው ዳር፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ የተተከለበት ግቢ ነው። ለሕሙማን አንሶላ ማጠቢያ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ሊገባ ነው፤ ሠሪው ከጊምቢ የመጡ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ባለሙያ ናቸው። ኦቦ ዲንሳ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ከጆሮአቸው ላይ የእርሳስ ቁራጭ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ፈቃዱን የቀጠሩት ጉድጓድ እንዲቆፍር ነው። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ግን የምሳ ሰዓት ላይ፣ ሌሎቹ ቆፋሪዎች ጥላ ሥር ሲጋደሙ፣ እሱ ቧንቧው የሚታሰርበት ሞርሳ አጠገብ ቆሞ የወደቀውን የብረት ፍቅፋቂ በጣቱ እየጠቀለለ ያይ ነበርና ኦቦ ዲንሳ "ዶማውን አስቀምጥ፣ ኮቱ" አሉት። ኮቱ ማለት ና ማለት ነው።

እኔ ትምህርት ሲዘጋ ምሳ ይዤለት መሄድ ጀመርኩ፤ ሁለተኛውን ቀን ኦቦ ዲንሳ መፍቻ አስጨበጡኝና "ምሳ አምጪ ከሆንክ እጅ አለህ ማለት ነው፣ ያዝ" አሉኝ። ያን ክረምት በሙሉ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ብረቱ ራሱ ነበር። ኦቦ ዲንሳ አንድ የተሰበረ የምድጃ ክዳን ድንጋይ ላይ መቱትና እንደ ሸክላ ለሁለት ሲከፈል አሳዩን። ቀጥሎ የቧንቧ ቁራጭ አስቀምጠው መቱት፤ ተጣመመ እንጂ አልተሰበረም። "ይሄ ለስላሳ ብረት ነው። ብትመታው ይታጠፋል፣ ብትቆርጠው ይቆረጣል፣ ጥርስ አውጣ ስትለው ያወጣል። ግን ከተጣደፍክበት ይቀየማል" አሉ። ጥርስ የሚሉት በቧንቧው ጫፍ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣውን ጥምዝ ነው፤ ሁለት ብረት የሚያያዘው በዚያ ነው። ጥርስ ማውጫው ሁለት ረጃጅም እጀታዎች ነበሩት። የኑግ ዘይት በላባ ይቀባል፣ ማውጫው ጫፉ ላይ ይገባል፣ ትንሽ ወደ ፊት ይዞራል፣ ከዚያ የተላጠው ብረት እንዲበጠስ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። ብረቱ ይንጫጫል፣ ዘይቱ ይሞቃል፣ ፍቅፋቂው እንደ ሕፃን ፀጉር እየተጠቀለለ ይወድቃል። ፈቃዱ ሲቸኩል ኦቦ ዲንሳ ከኋላው "ሱታ፣ ኢልመ ኮ፣ ሱታ" ይላሉ፤ ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ። ይህንኑ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሉ አይቆጠርም። አዮ አንድ ቀን ምድጃ ላይ እሳት ስታቀጣጥል ፈቃዱ ሳያስበው "ሱታ" ቢላት በማማሰያ አባረረችው።

ብዙ አበላሽተናል። መጀመሪያ ሰሞን ልኩን ስንለካ ቧንቧው መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባውን ያህል መጨመር እየረሳን፣ የምንቆርጠው ሁሉ አንድ አውራ ጣት ያህል እያጠረ፣ ከግድግዳው ሳይደርስ ይቀር ነበር። ኦቦ ዲንሳ አልተቆጡንም፤ አጥሮ የቀረውን ሁሉ በመስመር ግድግዳው ሥር አስደግፈው አቆሙትና "እነዚህ የፈቃዱ በጎች ናቸው" አሉ። በመጡ በሄዱ ቁጥር "በጎችህ እንዴት ዋሉ?" ይሉታል። ቁርጥራጩ መጨመር ያቆመው በሐምሌ ነው። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ በላዩ ላይ የቃጫ ክር ጥምዙን ተከትሎ ይጠመጠማል፣ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ እኔ እይዛለሁ፣ ፈቃዱ ያዞራል። ውሃ ሲለቀቅ መጋጠሚያው ላይ ስስ የበቆሎ ዱቄት ይነሰነሳል፤ የላመው ዱቄት ነጭ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው፣ ነጥብ ታህል ከጨለመች ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። ይህንን ዱቄት መነስነስ የፈቃዱ ሥራ ነበር፤ የእኔ መዳፍ ስለሚያልበው ደህናውን ሁሉ አርጥቤ "ያፈስሳል" እያሰኘሁ አስቸግሬ ነበርና።

ሙቅ ውሃውን በጉጉት ትጠብቅ የነበረችው የአጣቢዎቹ አለቃ አዴ ጫልቱ፣ እትዬ ጫልቱ እንደማለት፣ ናት። ብዙ ዓመት በቀዝቃዛ ውሃ አንሶላ ስታጥብ እጇ ላይ ያለው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በክረምት ጠዋት ጣቷን ለማጠፍ መጀመሪያ በትንፋሿ ታሞቀዋለች። አንደበቷ ግን ጤነኛ ነበር። ዕድሜዋ የእናታችን ያህል ቢሆንም "እርስዎ" ስንላት "አታስረጁኝ፣ ገና አገባለሁ" ብላ አስተወችን። ማጠቢያ ገንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ሥራችንን ታያለች፤ ፈቃዱንም "ፈቃዱ ኮ"፣ የኔ ፈቃዱ፣ ትለዋለች።

"ፈቃዱ ኮ፣ ይሄ ቧንቧ እኔ ሳልሞት ይደርሳል?"

"ይደርሳል፣ አዴ።"

"ካልደረሰ መቃብሬ ድረስ ቀጥለው። እዚያም እጄ ይበርደኛል።"

ሌሎቹ አጣቢዎች ይስቃሉ፣ ፈቃዱ ይቀላል። እኔ ደግሞ ሳቁ መፍቻውን እንዳያስለቅቀኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

በነሐሴ ኦቦ ዲንሳ የምንመኘውን ነገሩን። ይህ ሥራ ሲያልቅ እሳቸው ወደ ደምቢዶሎ ያልፋሉ፤ ሕክምና ጣቢያው ግን ውሃውን የሚጠብቅና የሚጠግን ቋሚ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ማን እንደሚሆን የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። "ስሙን የምነግራቸው ሙቁ ውሃ ሲፈስ አይቼ ነው" አሉ። ፈቃዱ ማታ ለአዮ ሲነግራት ሁለት ጊዜ አንደበቱ ተደናቀፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚታሰበው፤ ሙቅ ውሃውና መስቀል። የትኛው ይቀድም ይሆን?

ጳጉሜን ሊገባ ሲል ቃጫውም ቀለሙም አለቀ። ዕቃ ጭኖ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ቀረ ተባለ። ኦቦ ዲንሳ የጎደለውን ሊያመጡ ወደ ጊምቢ ሲሄዱ "ቧንቧውን ቁረጡ፣ ጥርሱን አውጡ፣ ደርድሩት። ግን እኔ እስክመጣ እንዳታስሩት" ብለውን ሄዱ። ዘመን ተለወጠ፣ አደይ ወጣ፣ እሳቸው ግን አልመጡም። የቀረው ከእሳት ላይ ከሚቀመጠው በርሜል እስከ ገንዳው ያለው ብቻ ነበር፤ ሁሉም ተቆርጦ፣ ጥርሱ ወጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፈቃዱ ጠዋት ጠዋት ይሄድና ያየዋል፣ ይመለሳል። በአንዱ እሑድ የአዮ ወንድም ከጉቴ ማር ቆርጦ መጣ። አዮ ማሩን አንጥራ ሰሙን በጨርቅ አጥልላ ስታበቃ፣ የተሰነጠቀ የውሃ ቅሏን አውጥታ ስንጥቁን በሰም ደፈነችው። ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። ቅሉ ዓመት ሙሉ አያፈስም። ፈቃዱ ቅሉን አንሥቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ከላይ ከታች እያገላበጠ አየው።

"አዮ፣ ከዚህ ሰም ትሰጪኛለሽ?"

አዮ ለምን እንደፈለገው ሲነግራት ቀለል አድርጋ "ቅሉን የያዘ ብረቱን የማይዝ ምን ሆኖ?" አለችና የጨበጠችውን ያህል ሰጠችው።

እንደ ቃጫው ጥርሱ ላይ ጠመጠምነው፤ በጣታችን ስናሸው እየለሰለሰ ጥምዙ ውስጥ ገባ። እኔ ያዝኩ፣ እሱ አዞረ። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅን፣ ፈቃዱ ዱቄቱን ነሰነሰ፣ ጎንበስ ብለን ትንፋሻችንን ይዘን አየን። ዱቄቱ ነጭ ነበር። በማግሥቱም ነጭ ነበር። ፈቃዱ ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እያፏጨ ነው የሄደው፤ ዳገቱ ላይ እንኳ አላቋረጠም።

ኦቦ ዲንሳ የመጡት የመስቀል ማግሥት ነው። ጋሼ ተሰማም ከዋዜማው ጀምሮ ቤታችን ነበር፤ ፈቃዱ "ጋሼ፣ የሠራሁትን ናና እይ" ብሎ በኩራት ይዞት መጣ። ሁሉም በአንድ ጠዋት ተገናኘ። ኦቦ ዲንሳ ቃጫና ቀለማቸውን እንደተሸከሙ ቆመው፣ የታሰረውን ቧንቧ አይተው፣ "ያለ ቃጫ በምን?" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አዴ ጫልቱ እሳቱን አቀጣጥላ ጨርሳ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ነው ለካ ያቀጣጠለችው። በርሜሉ ይጮኻል። የገንዳውን ቧንቧ ከፈተችው፣ መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ለብ ያለ፣ ከዚያ እንፋሎቱ የሚታይ ውሃ ወረደ። እጇን አስገባች። "ቢሻን ሆኣ!" ሙቅ ውሃ፣ ሙቅ ውሃ እያለች ጮኸች፣ አጣቢዎቹ እልል አሉ። ጋሼ ተሰማ ጋቢውን አስተካከለ። እኔ ፈቃዱን አየሁት። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ማር ማር አለ። ከዚያ ከላይ ካለው ጎሚቶ፣ ቧንቧው ከሚታጠፍበት ክርን ማለቴ ነው፣ ቢጫ ጠብታ ወርዳ ከታጠበ አንሶላ ላይ አረፈች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ያ መጋጠሚያ ውሃ ማልቀስ ጀመረ፣ ቀጥሎ ያለውም፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም፣ እንደ ለቅሶ ቤት እየተቀባበሉ ሁሉም። ሜዳው ሁሉ አበባ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ንቦቹ የት ሆነው እንዳሸተቱት አላውቅም፣ በመስኮት አንድ ሁለት እያሉ ገብተው ሰሙ ላይ አንዣበቡ። "ከኒሳ! ከኒሳ!" ንብ፣ ንብ አለች አዴ ጫልቱ፣ አንሶላ በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ስትሮጥ ከጋሼ ተሰማ ጋር ተጋጨች። አጣቢዎቹ በበሩ ተጋፉ። አንዷ ሳሙናዋን ይዛ፣ አንዷ ጫማዋን ጥላ።

ግቢው ውስጥ ራቅ ብለን ቆምን። ጋሼ ተሰማ ንብ የነደፈውን ጆሮውን እያሸ "ይሄ ውሃ ነው ወይስ ጠጅ?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ፈቃዱ ዞሮ፣ በዝግታ፣ "በል ልጄ፣ ሞክረሃል። ነገ መኪና አለ፣ አብረን እንሄዳለን" አለው። በዚያው አለቀ ብዬ አሰብኩ።

ፈቃዱ ቀጥ ብሎ ኦቦ ዲንሳ ፊት ሄዶ "ሰም ነው። እስክመጣ እንዳታስሩ ብለውኝ ነበር። መስቀል ደረሰብኝ" አላቸው።

ኦቦ ዲንሳ እሳቱ እስኪጠፋ፣ ንቦቹ እስኪወጡ ጠበቁ። ከዚያ ገብተው ያን የመጀመሪያውን ጎሚቶ በራሳቸው እጅ ፈቱት፣ የቧንቧውን ጫፍ በሸሚዛቸው ጥርግ አድርገው ወደ ብርሃኑ ወሰዱት። ጥርሱን በጥፍራቸው እየቆጠሩ ይመስል ዙሪያውን ሄዱበት። ሁለተኛውን ፈቱ። ሦስተኛውን። ሲመለሱ የመጀመሪያውን ለጋሼ ተሰማ ሰጡት።

"ኦቦ፣ እርስዎ ገበሬ ነዎት። ይህንን በጣትዎ ይዳስሱት።"

ጋሼ ተሰማ ዳሰሰው።

"የሻከረ አለው?"

"የለውም።"

"ሰም የሙቅ ውሃ ነገር አይደለም፣ ልጁ አሁን አውቋል። ጥርሱን ግን እኔ ራሴ ከዚህ አሳምሬ አላወጣም። ነገ መኪናው ይሂድ። ነገ ሥራ አለን።"

ጋሼ ተሰማ ብረቱን እንደያዘ፣ እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ጥያቄ፣ "በምን ልታስሩት ነው ታዲያ?" አለ። ኦቦ ዲንሳ የመጣውን ቃጫ አሳዩት። ተቀበላቸው፣ ከጫፉ ጥቂት መዞ በሁለት ጣቱ አጠማዘዘና ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ መቼ ተበጠረ?" አለ። ሰላሌ ላይ ገመድ የሚጎነጉን ሰው ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ጋቢውን እኔ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ አውልቆ አጠፈ፣ ቃጫውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ማበጠር ጀመረ።

በማግሥቱ ከጠዋት እስከ ማታ እሱ እያበጠረ፣ እየመተረ፣ የክሩን ውፍረት ለየመጋጠሚያው እየመጠነ ሰጠን። ሰሙን በፈላ ውሃ አጥበን አወጣነው፣ ኦቦ ዲንሳ ቀለሙን ቀቡ፣ እኔ ያዝኩ፣ ፈቃዱ አዞረ። ብዙ ወሬ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፈቃዱ ሲጠመጥም ተሳስቶ በተቃራኒው ሲያዞረው፣ ጋሼ ተሰማ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ "እንደ ቀንበር ጠፍር ዝም ብለህ አትጠምጥመው፣ ጥርሱ በሚዞርበት በኩል ተከተለው" አለው። ኦቦ ዲንሳ "ቶሌ!" አሉ፤ ደግ ብለዋል ማለታቸው ነው። አጎታችን እንደ ተማሪ ደስ አለው፣ ግን እንዳይታይበት ጢሙን ጠረገ።

ቀለሙ እስኪደርቅ አንድ ቀን ተጠበቀ። ከዚያ እሳት ተለኮሰ፣ ውሃው ተለቀቀ፣ ፈቃዱ ዱቄት ነሰነሰ። ከመጋጠሚያው ይልቅ ጫማው ላይ የወደቀው ይበዛል። ጠበቅን። ነጭ ነው። ውሃው ፈላ፣ ቧንቧው በእጅ የማይነካ ሆነ፣ አሁንም ነጭ ነው። አዴ ጫልቱ በዚህኛው ጊዜ አልጮኸችም። የልብስ ሳፋውን አንሥታ ከገንዳው ቧንቧ ሙቅ ውሃ ሞላች፣ ቀዝቃዛ ጨምራ በክርኗ ለካች፣ ወደ ጋሼ ተሰማ ሄዳ እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

"አረ እመቤት፣ ምን ማድረግሽ ነው?"

"የሩቅ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አይሸኝም። ይሄ ውሃ መጀመሪያ የሚያጥበው ያንተን ነው። ከዚያ አንሶላውን።"

እምቢ ሊል ሞከረ፣ ጎትታ አስቀመጠችው። ጫማውን አወለቀ። እግሩ ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ የአፈር መልክ የያዘ ነበር። ውሃው ውስጥ ሲያስገባው ዓይኑን ጨፈነ። አዴ ጫልቱ በተሰነጣጠቀው እጇ የተሰነጣጠቀውን እግር ስታጥብ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር። ጋሼ ተሰማ ዓይኑን ሳይገልጥ "ልጁ ይቀመጥ" አለ። "ይቀመጥ። እኔ ከእንግዲህ አማች ፈልጌ አርሳለሁ።"

ፈቃዱ ወደ ውጭ ወጣ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም አየሁትና ልከተለው ስል ኦቦ ዲንሳ ትከሻዬን ያዙኝ። "ሱታ" አሉኝ።

አጎታችን በማግሥቱ ብቻውን ተሳፈረ። በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ "ግርማ፣ ወንድምህን ጠብቅልኝ" አለኝ። ታናሹ ታላቁን እንዲጠብቅ መታዘዙ ፈቃዱን በጣም አሳቀው፤ እስከ ቤት ድረስ "ጠባቂዬ፣ እባክህ ከፊት ሂድ፣ ውሻ አለ" እያለ አሾፈብኝ።

እንዲህ ሆኖ ቀረልን። ኦቦ ዲንሳ ስሙን ለጣቢያው ተናግረው ወደ ደምቢዶሎ ሄዱ። ፈቃዱ ውሃውን ጠበቀ፣ በደሞዙ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ፣ አዮ ቤቷን ሳትፈታ አረጀች። አዴ ጫልቱ እንዳለችው አላገባችም፣ ግን እጇ ዳነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን፣ የተለወጠውን መንግሥት፣ የተለወጠውን ከተማ ሁሉ ፈቃዱ እዚሁ ነቀምቴ ሆኖ፣ በየሰው ግቢ እየዞረ አሳለፈው። ከእኔ ቤት እሱ ቤት የሚደረሰው ሲጋራ ተለኩሶ ሳያልቅ ነው። በሕይወታችን ሳንገናኝ የሰነበትንበት ጊዜ የለም፤ ስለዚህ በእሱ ምን ያህል ሀብት እንዳለኝ ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ሰው ያለውን ወንድም እንዴት ይቆጥራል?

አሁን ሰዎች ሲያጽናኑኝ "ዕድሜ ጠግቦ ነው፣ ልጆቹን አድርሶ ነው" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በየቀኑ የምመለሰው ወደዚያ መስከረም ነው። ያኔ ሊወስደው የመጣው ሰው አስቀድሞ ቀን ቆርጦ ነገረን። ክረምት ሙሉ ጊዜ ሰጠን። ሲመጣም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሠራነውን ዳሰሰ፣ አብሮን ዋለ፣ ሐሳቡን ለወጠ። በዚህኛው ጊዜ ፈቃዱ ጠዋት ደረቴን ወጋኝ አለ፣ ሆስፒታል አደረስነው፣ ኮሪደሩ ላይ ከሚስቱ ጋር ቆመን ሳለ አንድ ወጣት ሐኪም ወጥቶ መነጽሩን አወለቀ። ምን ሠርተን እንድናሳይ፣ ማንን አስቀምጠን እግሩን እንድናጥብ የነገረን አልነበረም።